የጎሽ ውሃ ድልድይና የወፏ ቃል

ሰው በአደባባይ ሌባ ተብሎ ሲጠራ መጀመሪያ የሚሰማው ንዴት ወይም እፍረት ይመስላችሁ ይሆናል። እኔ መጀመሪያ የተሰማኝ ረሃብ ነው። ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም ነበርና ስሜ ሲነሳ ሆዴ ጮኸ፤ አጠገቤ የተቀመጠው ሰውም ሰምቶ ዞር ብሎ አየኝ። ያን ቀን ከሆነው ሁሉ ይቺ ትንሽ ነገር እስካሁን የምታሳፍረኝ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ሥራዬ ግንበኝነት ነው። ፍኖተ ሰላም ውስጥ እጄ ያላረፈበት ሰፈር ጥቂት ነው ብል ጉራ አይሆንብኝም። የተወለድኩት ግን ከቡሬ ወደ ሽንዲ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ሾላ በር በምትባል ከተማ ነው። ከተማ ያልኩት ለክብሯ ነው። አንድ መንገድ፣ ግራና ቀኝ የተሰለፉ ቆርቆሮ ቤቶች፣ ትምህርት ቤት፣ ቤተ ክርስቲያንና የከብት ገበያ ናት። ጎሽ ውሃ የሚባለው ወንዝ እሷን ከማዶ ካሉት መንደሮች ይለያታል፤ የእናቴ ቤት ከማዶ ነው። ወንዙ ሲሞላ የማዶ ልጆች ከትምህርት ይቀራሉ፤ ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ ወንዝ ዳር ደርሳ ውሃው እስኪጎድል ትጠብቃለች። እኔም ደብተሬን በሻሽ ጭንቅላቴ ላይ አስሬ የተሻገርኩት ወንዝ ነው።

እናም የሾላ በር ሰዎች «ከምንጠብቅ እኛው እንሥራው» ብለው ድልድይ ሊሠሩ ሲነሱ፣ ግንበኛው አንተ ሁንልን ብለው ሲልኩብኝ፣ የጀመርኩትን ቤት ለጓደኛዬ አስረክቤ መጣሁ። አባቴ በሕይወት የለም፤ እኔም ለእናቴ አንድ ነኝ። «ልጄ ድልድይ ሊሠራ መጣ» እያለች በመንደሩ እየዞረች የተናገረችው እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

የኮሚቴው ሰብሳቢ አያ ሙላት ነበሩ። አያ ሙላት የወፍጮ ቤትና የአንድ አይሱዙ መኪና ባለቤት ናቸው። ለእኔ ደግሞ ከዚያም በላይ ናቸው፤ የልጄ የቢንያም የክርስትና አባት፣ አበልጄ ናቸው። አበልጅ ማለት ምን እንደሆነ ለአገሬ ሰው አላስረዳም። ከሥጋ ዘመድ ጋር ተጣልተህ ልትኖር ትችላለህ፤ ከአበልጅ ጋር ግን ክፉ ቃል መነጋገር ራሱ ነውር ነው።

ድልድዩ የት ይሁን በሚለው ላይ ስብሰባ ተደረገ። ግማሹ ሰው ሁልጊዜ የምንሻገርበት መሻገሪያው ጋ ይሁን አለ፤ የአያ ሙላት ወፍጮ ቤትም እዚያው ነው። እኔ ወንዙን ሁለት ቀን ስወጣና ስወርድ አይቼው ነበርና ተነስቼ ተናገርኩ።

«መሻገሪያው ጋ ወንዙ ሰፊ ነው፣ መሬቱም ዝቅ ያለ ነው። ክረምት ውሃው በላዩ ይሄዳል። ወደ ላይ ትንሽ ራቅ ብሎ ዐለቱ ጋ ግን ወንዙ ይጠባል፤ መሠረቱን እግዜር ሠርቶ አስቀምጦልናል።»

ሰዉ አጉረመረመ። ከዚያ ወደ አያ ሙላት ዞረ። መንገዱ በዐለቱ በኩል ከሆነ የማዶ ሰው በወፍጮ ቤታቸው ደጃፍ ማለፉ እንደሚቀር የማያውቅ አልነበረም። አያ ሙላት ባርኔጣቸውን አውልቀው «ግንበኛው ያለው ይሁን። ለዚህ አይደል ያስመጣነው?» አሉ።

ሰዉ አጨበጨበ። እኔም ያን ቀን ልጄን ለእሳቸው በመስጠቴ ኮራሁ።

ሥራው በደቦ ተጀመረ። ወጣቱ ድንጋይ ፈለጠ፣ አህያ ያለው አሸዋ ጫነ፣ ሲሚንቶውንና ብረቱን አይሱዙው ከቡሬ በነጻ አመላለሰ። ብረቱን በዐለቱ ስፋት ልክ ቆርጬና አጥፌ አዘጋጀሁት። ዕቃው የሚቀመጠው ድሮ የማዳበሪያ መጋዘን በነበረው ቤት ሲሆን ሁለት ቁልፍ ነበረው፤ የአንደኛው መክፈቻ በእኔ፣ የሁለተኛው በአያ ሙላት እጅ። ሰኞ ብረቱን ልናስር፣ በማግስቱ ኮንክሪት ልንሞላ ቀጠሮ ያዝን።

ዓርብ ዕለት አያ ሙላት ወፍጮ ቤታቸው ጋ ጠሩኝ።

«አበልጄ፣ አንድ ነገር ልንገርህ፤ ከሆድህ እንዳይወጣ።»

«ምን ተገኘ?»

«ብረቱ ላይ ዓይናቸውን የጣሉ አሉ። የመጋዘኑ የጀርባ ቆርቆሮ ምስማሩ ላልቷል፤ አንድ ሰው በጉልበቱ ይገነጥለዋል። እስከ ሰኞ ድረስ ከማዶ ከእናትህ ገለባ ቤት ብናስቀምጠውስ?»

«ለኮሚቴው ብንነግርስ?»

«ለኮሚቴ መንገር ለሌባው መንገር ነው። ለማንም አትንገር። ለእናትህም ቢሆን፤ ሴት ወይዘሮ ናቸው፣ ይጨነቃሉ።»

ቅዳሜ ሰዉ ሁሉ ገበያ በወጣበት ሰዓት፣ እናቴም ገበያ ሳለች፣ በአያ ሙላት የአህያ ጋሪ ብረቱን ጭነን ወንዙን ተሻገርን። ከገለባው ሥር አስተኛነው። እሳቸው ላባቸውን በጋቢያቸው ጫፍ እየጠረጉ «እንዲህ ነው ልጅ» አሉኝ። በማግስቱ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ፣ ሰው ገና ሳይበተን ጠሩኝና የመጋዘኑን መክፈቻ አወጡ። «የወፍጮው ቺንጋ ተበጥሶብኝ ቡሬ እሄዳለሁ፤ ይሄ ካንተ ይቆይ» አሉኝ። ድምፃቸው ከወትሮው ከፍ ያለ ነበር። እኔ ግን የተሰማኝ እንደታመንኩ ብቻ ነው።

ሰኞ ጠዋት ኮሚቴው በተሰበሰበበት መጋዘኑን ከፈትኩ። ሲሚንቶው አለ፤ የብረቱ ቦታ ባዶ ነው። ጫጫታ ሆነ። አያ ሙላት ከቡሬ ተመልሰው ከፊት ቆመዋል። አየኋቸው፤ «እኛ ነን ያነሳነው» እስኪሉ ጠበቅኩ። እሳቸው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው «ጉድ ነው» አሉ።

ጎትቼ ወደ ዳር ወሰድኳቸው። «አበልጄ፣ ምነው?»

«ዝም በል። ሌባው ማን እንደሆነ የሚታወቀው አሁን ነው፤ የማን ፊት እንደሚለወጥ እያየሁ ነው። ነገሩን ነገ ሽማግሌ ሲቀመጥ እኔ አስረዳለሁ።»

እዚህ ላይ ያነበበኝ ሁሉ «ምን ዓይነት ጅል ነህ» ሊለኝ መብት አለው። እኔ ግን እንዲህ ነው ያደግሁት፤ ታላቅ ባለበት ታናሽ አይቀድምም። ታላቁ አስረዳለሁ ካለ ታናሹ አፉን ይዞ ይቀመጣል። ባለቤቴ ያን ቀን አጠገቤ ብትሆን ኖሮ በክርኗ ጎሽማ ታስለፈልፈኝ ነበር፤ ፍኖተ ሰላም ነበረች።

ማክሰኞ አውጫጭኝ ተጠራ። አውጫጭኝ የቆየ ሥርዓት ነው፤ ዕቃ ሲጠፋ አገሩ ሁሉ አንድ ቦታ ይቀመጥና እውነቱ ሳይወጣ ማንም አይነሳም። ያየ ሰው ለሽማግሌዎች በጆሯቸው ይናገራል። ሽማግሌዎቹ የተናጋሪውን ስም አያወጡም፤ «ወፍ ነገረችን» ብለው ቃሉን ብቻ ያሰማሉ። ወፍ ማን ናት ብሎ መጠየቅ ክልክል ነው፤ ወፏም ራሷን አትገልጥም። ነገሩ ወደ ወረዳ ከሚሄድ በዚህ ይለቅ ተባለ።

የተቀመጥነው በከብት ገበያው አጥር ውስጥ ነው። አባወራውም እማወራውም፣ እናቴም ጭምር። ሦስት ሽማግሌዎች ከጥጉ ተቀመጡ። የመሃሉ መምህር ታከለ ናቸው፤ ፊደል ያስቆጠሩኝ፣ እርሳስ ሳጣ የራሳቸውን ለሁለት ሰብረው የሰጡኝ ሰው። እሳቸውን ሳይ ልቤ አረፈ።

መጀመሪያ መሐላ ነው። ሁላችንም ቆመን መምህር ታከለን ተከትለን አልን። «ያየሁትን ብደብቅ፣ የሰማሁትን ብሸሽግ፣ የዘራሁት አይብቀል፣ የወለድኩት አይባረክ።»

ከዚያ በየተራ እየተነሱ ወደ ሽማግሌዎቹ መሄድ ሆነ። አንዱ ይሄዳል፣ ጎንበስ ይላል፣ ይመለሳል። ፀሐዩ ከረረ። ከብት የሌለበት የከብት ገበያ ምን እንደሚሸት አትጠይቁኝ። የእኔ ተራ ሲደርስ ሄጄ ለመምህር ታከለ በጆሯቸው «አያ ሙላት ያስረዱዎታል» አልኳቸው። ፊቴን ትኩር ብለው አዩኝና «ሂድ ተቀመጥ» አሉኝ። አያ ሙላት ሄዱ፤ ተመለሱ። እናቴ ሄደች። እሷ ከሌላው ሰው ቆየት አለች። ስትመለስ በአጠገቤ ስታልፍ ትከሻዬን ጨበጥ አድርጋ «አይዞህ» አለችኝ። ምኑን ነው የምታጽናናኝ ብዬ ገረመኝ።

ዘጠኝ ሰዓት አልፎ መምህር ታከለ ተነሱ። ከሁለቱ ሽማግሌዎች ጋር ብዙ ተንሾካሹከው ነበር።

«ወፍ እንዲህ አለች» አሉ። «የጠፋው ብረት ከማዶ፣ በግንበኛው እናት ገለባ ቤት፣ ከገለባው ሥር ነው። ያስቀመጠውም ግንበኛው መልካሙ ነው።»

ያን ጊዜ ነው ሆዴ የጮኸው።

ተነስቼ ቆምኩ። ምስጢሩን የምናውቀው እኔና አያ ሙላት ብቻ ነን። ስለዚህ ወፏ ማን እንደሆነች ለእኔ የፀሐይ ያህል ግልጽ ነበር።

«አበልጄ» አልኩ፤ «ኧረ ይናገሩ። ቅዳሜ አብረን አይደለም ወይ ያነሳነው? በእርስዎ ጋሪ አይደለም ወይ የጫንነው?»

አያ ሙላት ቀስ ብለው ተነሱ። ባርኔጣቸውን አወለቁ። «እኔ ልጁን ክርስትና ያነሳሁለት ሰው ነው» አሉ፤ «በእሱ ላይ አፌን አልከፍትም። የሚለውን ይበል፤ እኔ ዝም ብያለሁ።»

ከዚህ የበለጠ ክፉ መልስ አላውቅም። ሰዉ «አይ ሙላት፣ አይ ትዕግሥት» እያለ ራሱን ነቀነቀ።

«መጋዘኑ ግን ሁለት ቁልፍ ነው ያለው» አለ ከኋላ አንድ ሰው። መምህር ታከለም «ያንተስ መክፈቻ ሙላት?» ብለው ጠየቁ።

«እሑድ ሰጥቼዋለሁ። በቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ በሰው ፊት።»

«እኔም አይቻለሁ» አለ አንዱ። «እኔም» አለ ሌላው። የእሑዱ ከፍ ያለ ድምፅ ያን ጊዜ ገባኝ። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲባል እሰማ ነበር፤ ደንደሱ ላይ መውደቅ ምን እንደሚመስል ግን አላውቅም ነበር።

እናቴ ብድግ አለች። ነጠላዋ ከትከሻዋ ወደቀ፤ አላነሳችውም። «መምህር!» አለች፤ «መምህር ታከለ፣ ቃሉ እኮ...»

«እትዬ የሻረግ፣ ይቀመጡ» አሏት ድምፃቸውን ሳያነሱ። «የወፍ ቃል አይመረመርም። ሥርዓቱን ያውቁታል።»

እናቴ ተቀመጠች። ልጇን ልትከላከል የሞከረች እናት ብቻ መስላኝ ነበር።

ብረቱን ሄደው አመጡት። አንድም አልጎደለም። ለዐለቱ ልክ ተቆራርጦ የታጠፈ ብረት ማን ይገዛል፣ ሌባስ ለምን ይሰርቀዋል ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ነገሩ ወረዳ አይሂድ፣ እሱ ግን ሥራውን ትቶ ከከተማችን ይውጣ ተባለ። ሰዉ እየተበተነ ሳለ አንዱ «ዐለቱንም የመረጠው እሱ ነው፤ ምን አስቦ እንደሆነ ማን ያውቃል?» ሲል ሰማሁ። ይቺ ቃል እንዳትጠፋ የሚንከባከቧት ሰዎች እንደነበሩ የገባኝ ኋላ ነው። ከቡሬ ሌላ ግንበኛ መጣ፤ ድልድዩም መሻገሪያው ጋ፣ በወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ተሠራ።

እኔ ፍኖተ ሰላም ተመለስኩ። ወሬውም በሚቀጥለው አውቶቡስ ደረሰ። «ብረት የሚበላው ግንበኛ» የሚል ስም ወጣልኝ። የሲሚንቶ ከረጢት ቆጥረው የሚያስረክቡኝ፣ ሥራ ስጨርስ ኪሴን በዓይናቸው የሚዳብሱ አሠሪዎች በዙ። ልጄ ቢንያም «የክርስትና አባቴ ለምን አይመጣም?» ሲለኝ ባለቤቴ ወሬ ትቀይራለች። አያ ሙላትን ሁለት ዓመት ሙሉ በልቤ ረገምኩ። የማጽናኛዬ ሁሉ መሠረት አንድ ነበር፤ አንድ ሰው ነው የከዳኝ፣ ሌላው ሕዝብ ተታሎ ነው እል ነበር።

ባለፈው ጥር እናቴ ለዓይኗ ሕክምና ወደ እኔ መጣች። አንድ ዓይኗ በፋሻ ታስሮ፣ ከሰዓት በኋላ በረንዳዬ ላይ ተቀምጠን ሳለ እንዲህ አለችኝ።

«መምህር ታከለ አረፉ።»

«ነፍስ ይማር።»

«ከመሞታቸው በፊት አስጠርተውኝ ነበር። ቃሌን ፈቱልኝ። ለልጅሽ ንገሪው አሉኝ።»

«የምን ቃል?»

በደህናው ዓይኗ አየችኝ። «ወፏ እኔ ነኝ ልጄ።»

መጀመሪያ አልገባኝም። ደግማ ነገረችኝ። ያን ማክሰኞ ጠዋት ለላሟ ገለባ ልታወጣ ስትገባ እጇ ብረት ነካ። የጋሪውን ፈለግ ከደጅ እስከ ወንዙ ተከትላ የማን ጋሪ እንደሆነ አወቀች፤ የአያ ሙላት ጋሪ አንድ ጎማው እንደሚወላገድ አገሩ ያውቃል። ከጎረቤቷ ሴትዮም ሁለታችንን እንዳየችን ሰማች።

«ምነው ታዲያ እኔን አልጠየቅሽኝም?»

«አንተስ ምነው አልነገርከኝ? ከእናትህ የደበቅከውን በምን አፌ ልጠይቅህ? ደግነት እንዳለበት አውቄያለሁ፤ ልጄ ሌባ አይደለም። ኋላ ግን ያ መሐላ መጣ። የወለድኩት አይባረክ አሉኝ፤ ማልኩ። የወለድኩት ደግሞ አንተን ብቻ ነው። እንዴት ልደብቅ? ላንተ ብዬ ተናገርኩ። ልጄና አያ ሙላት ናቸው ያስቀመጡት፣ ይጠየቁ አልኩ። ሁለት ስም ነው የነገርኳቸው። ሁለት።»

«እሳቸው ግን አንድ ስም ብቻ አሰሙ።»

«ዕለቱን ቤታቸው ሄጄ አለቀስኩባቸው። 'የሻረግ፣ ሙላት ከተነካ አይሱዙው ይቆማል፣ ድልድዩም ይቀራል። ልጅሽ ወጣት ነው፣ በእጁ ሙያ አለው፣ የትም ሄዶ ይበላል። አገሩ ግን ያለ ድልድይ የት ይሄዳል?' አሉኝ። ወፍነቴን እንዳልገልጥ በቃል አሰሩኝ።»

ሦስት ቀን አላናገርኳትም። ምግብ አቀርባለሁ፣ መድኃኒቷን በሰዓቱ አደርግላታለሁ፣ አላናግራትም። ሁለት ዓመት የረገምኩት ሰው ወፏ አልነበረም። እሱ ያደረገው ወጥመዱን ዘርግቶ ዝም ማለት ነው። እርሳሱን ለሁለት ሰብሮ የሰጠኝ ሰው እውነቱንም ለሁለት ሰብሮ ግማሹን ጣለው። የወለደችኝ ደግሞ ግማሹ ሲነገር ሰምታ፣ መጀመሪያ ሥርዓቱን፣ ኋላም ቃሌን እንዳላፈርስ ብላ ተቀመጠች። ከአንድ ክህደት ወደ ሦስት ተሸጋገርኩ። የከፋኝ ደግሞ ሦስቱም ምክንያታቸውን ቢጠየቁ የሚያሳምን ነገር የማያጡ መሆናቸው ነው።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ አገራችሁን ለማልማት የተሰበሰባችሁ ሁሉ፣ ልማቱን አልጠላም። ድልድይ ያስፈልጋል። ነገር ግን «ለአገሩ ሲባል» የሚለው ቃል በስብሰባችሁ መሃል ሲነሳ ሂሳቡ በማን ላይ እንደሚወድቅ ቀና ብላችሁ እዩ። ብዙ ጊዜ የሚወድቀው መኪና በሌለው ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ሰው በሚሠራው ደግ ሥራ አልደሰትም አልልም፤ ግን መጀመሪያ ማን እንደጎደለ እቆጥራለሁ። ታላቅ ይቅደም ብዬም አፌን አልይዝም። ይህንን መማሬን እንደ ትርፍ አልቆጥረውም፤ አለማወቅ ይሻለኝ ነበር።

እናቴ ዓይኗ ሲሻላት ወደ ቤቷ ሸኘኋት። ከሁለት ዓመት በኋላ ሾላ በርን ረገጥኩ። ጎሽ ውሃ ደረስን። ድልድዩ በወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ቆሟል፤ ክረምት ክረምት ውሃ በላዩ እንደሚሄድ ጎኑ ላይ የደረቀው ደለል ይመሰክራል። ብረቱ ለዐለቱ የተቆረጠ ነበርና ለዚህኛው ስፋት አጥሮ እንደቀጠሉት ከጫፉ ያየሁት መሰለኝ። ሰው ይመላለስበታል፣ አህያም ዱቄት ጭኖ ያልፍበታል።

እጇን ይዤ ወደ ድልድዩ ላወጣት ስል እናቴ እጄን ወደ ታች ሳበችኝ። ወደ ወንዙ ዳር ወረደች፣ ጫማዋን አወለቀች፣ ቀሚሷን ሰበሰበች።

«እማ፣ ድልድዩ እኮ ያውልሽ።»

«ያ ልጄን የሸጡበት ብረት ነው። አንድ ቀን አልረገጥኩትም» አለች። ውሃውን እያየች ነበር የምትናገረው። «ሰዉ አርጅታ ድልድይ ፈራች ይላል። ይበል።»

በልቤ የቀረውን ቂም ሁሉ እዚያ ወንዝ ዳር አራገፍኩት ብል ውሸት ይሆንብኛል፤ አላራገፍኩትም። ግን ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ማሰሪያ ፈታሁ። እጇን ያዝኩ፤ ውሃው ቀዝቃዛ ነበር፣ እስከ ጉልበታችን ደረሰ፣ ተሻገርን።